የሰጰሎው መምህር

እናንት በጭሮ፣ በሂርና፣ በገለምሶ፣ በበዴሳ ፊደል ቆጥራችሁ ይህን ገጽ ራሳችሁ የምታነቡ፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ የሐረርጌ መምህር ነው።

መጀመሪያ ግን ልጠይቃችሁ። መምህሩ ሲጠይቃችሁ መልሱን እያወቃችሁ ዝም ያላችሁበት ቀን የለም? እኔ በማስተምርበት ክፍል ይህን ሁልጊዜ አያለሁ። ልጁ ያውቀዋል፤ ግን «ብሳሳትስ?» ብሎ አንገቱን ይደፋል።

ይህ ዝምታ የቆየ ነው። በቄስ ትምህርት ቤትም፣ በቁርአን ቤትም አለንጋ አይጠፋም ነበር። በንጉሡ ዘመን ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤት ኦሮምኛ አይጻፍም፣ አይነበብም። ከቤቱ ኦሮምኛ ብቻ ይዞ የመጣ የጨርጨር ልጅ መምህሩን ከመፍራቱ በፊት ቋንቋውን ይፈራል።

ሼህ በክሪ ሰጰሎ የተወለዱት በ1888 ዓ.ም. ገደማ ነው። ስማቸው አቡበከር ነው፤ ሰጰሎ የቦታ ስም ነው። ለትምህርት ወደ ጨርጨርም መጥተው ነበር። ኋላ ተመልሰው በሰጰሎ ማስተማር ጀመሩ። ታዲያ ሃይማኖት ብቻ አላስተማሩም። ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብ፣ የከዋክብት ትምህርትም ጨመሩበት። በኦሮምኛ ግጥም ይገጥማሉ፤ ግጥሙም ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል። የራሱ የቤት ቋንቋ ከመምህሩ አፍ ሲወጣ የሰማ ተማሪ እንዴት ዝም ይላል?

ሼሁ ሌላም ነገር አዩ። የነበሩት ፊደሎች ለኦሮምኛ ድምፅ አይመቹም። እስቲ እናንተው ሞክሩት፦ «በዳ» ብላችሁ ጻፉ። ጠበቅ አድርጎ ያነበበው «ደጋ» ይለዋል፤ ላላ አድርጎ ያነበበው «መጥፎ» ይለዋል። ደጋችን መጥፎ ሆነ ማለት አይደል! እናም በ1948 ዓ.ም. ገደማ ለኦሮምኛ የሚሆን አዲስ ፊደል ራሳቸው ፈጠሩ። ተማሪዎቻቸው ተማሩት፤ እርስ በርስም ይጻጻፉበት ጀመር።

መንግሥት ግን ነገሩን በጥርጣሬ አየው። ፊደሉ ተከለከለ። ሼሁም በድሬዳዋ ከከተማ እንዳይወጡ ተደረገ። እኔ ማሠልጠኛ ተቋም ገብቼ ስለ ክፍል አያያዝ ብዙ ተምሬአለሁ፤ የእኚህን ሰው ስም ግን አንድ ቀን አልሰማሁም።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ኦሮምኛ ነበር፤ የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ገና ጺም ያላወጣ ዘማች ሽማግሌዎችን ፊት ለፊት አስቀምጦ ያስተምር ነበር። «አባባ» ብሎ ካልጀመረ ማን ይሰማዋል?

ሼህ በክሪ ግን ያን ቀን ሐረርጌ አልነበሩም። ተሰደው ሶማሊያ በስደተኞች ካምፕ ነበሩ። እዚያው በ1972 ዓ.ም. አረፉ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የጭሮ ልጆች ኦሮምኛን የሚጽፉት በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ነው። በቁቤ ደጋውና መጥፎው አይምታቱም፤ ለሚጠብቀው ፊደሉ ይደገማል።