የሁለት ልጆች እንቆቅልሽ

የሁለት ልጆች እንቆቅልሽ አሜሪካዊው ጸሐፊ ማርቲን ጋርድነር በ1959 እ.ኤ.አ. በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ያቀረበው የፕሮባቢሊቲ ጥያቄ ነው።

ደምበጫ ውስጥ ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት አሉ እንበል። ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲቆጠር ልጆቹ ወንድና ወንድ፣ ወንድና ሴት፣ ሴትና ወንድ ወይም ሴትና ሴት ይሆናሉ፤ አራቱም እኩል ዕድል እንዳላቸው ይወሰዳል። (በዓለም ላይ ለ100 ሴቶች 105 ያህል ወንዶች ቢወለዱም ልዩነቱ ስሌቱን ብዙም አይነካውም።) ታላቁ ወንድ መሆኑ ከታወቀ፣ ሁለቱም ወንዶች የመሆናቸው ዕድል ግማሽ ነው። የታወቀው ቢያንስ አንድ ወንድ መኖሩ ብቻ ከሆነ ግን ሦስት አማራጮች ስለሚቀሩ መልሱ አንድ ሦስተኛ ይሆናል።

አከራካሪው ነገር መረጃው የተገኘበት መንገድ ነው። ወላጆቹ «ወንድ ልጅ አላችሁ?» ተብለው «አዎ» ካሉ መልሱ አንድ ሦስተኛ ነው። ከልጆቹ አንዱ በአጋጣሚ መንገድ ላይ ታይቶ ወንድ ሆኖ ከተገኘ ግን ግማሽ ነው፤ ሁለቱም ወንዶች ከሆኑ የሚታየው ምንጊዜም ወንድ ሲሆን፣ ወንድና ሴት ከሆኑ ግን ወንዱ የመታየት ዕድሉ ግማሽ ብቻ ነውና። ጋርድነር ራሱም ጥያቄው አሻሚ እንደነበር ኋላ ላይ አምኗል።

በአማርኛ ሲጠየቅ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያሻዋል፤ «ልጅ» ጾታ ባይለይም «ታላቁ» ወይም «ታላቋ» ከተባለ ምስጢሩ ከአፍ ያመልጣል።