የታሸው ዘር

ክረምት ሲገባ ሩዋንዳ አካባቢ መንገድ ዳር የበቆሎ ጥብስ መጨስ ይጀምራል። እኛ የከተማ ልጆች ስለ በቆሎ ያለን ዕውቀት «አንዱ ስንት ነው?» ከማለት ብዙም አያልፍም። በቆሎው ፍም ላይ ከመድረሱ በፊት ግን አፈር ውስጥ ነበር፤ አፈር ውስጥ ደግሞ ዘሩን ከእኛ ቀድሞ የሚበላው አለ።

ምስጥ አለ፣ ቆራጭ ትል አለ። በተለይ በወለጋ ምስጥ የቆየ ጠላት ነው። ቡቃያው የተበላበት ገበሬ መልሶ ሊዘራ ይችላል፤ ዝናቡ ግን መልሶ አይመጣለትም። ዘርን በፀረ ተባይ አሽቶ መዝራት የመጣው ከዚህ ጭንቀት ነው።

ሙከራው ሲነገር ቀላል ነው። ማሳው በመደብ ይከፈልና አንዱ ላይ የታሸ ዘር፣ ሌላው ላይ ያልታሸ ይዘራል። ስንቱ በቀለ? ስንቱ ተቆረጠ? ምርቱስ ስንት ሆነ? ያልታሸው መደብ ከሌለ መድኃኒቱ ሠራ ወይስ ዘንድሮ ትሉ ጠፋ ብሎ መለየት አይቻልም። ችግሩ ቆጠራው አዝመራ ሲሰበሰብ ማብቃቱ ነው። የመድኃኒቱ ታሪክ ግን እዚያ አያበቃም።

አልድሪንን እንውሰድ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የበቆሎ ማሳዎች አፈር ላይ በብዛት ይደረግ ነበር፤ ምስጥንም ይገድላል። ነገር ግን አፈር ውስጥ ወደ ዲልድሪን ተለውጦ ለዓመታት ይቆያል፤ በሰውና በእንስሳት ስብ ውስጥም ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ2001 የስቶክሆልም ስምምነት ከዘረዘራቸው 12 መርዞች አንዱ ሆነ። ዘር ለማሸት ጭምር ያገለግል የነበረው ሊንዴን በ2009 ተከተለው።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው የኢራቅ ታሪክ ነው። በ1971 መጨረሻ ከድርቅ በኋላ ለዘር የመጣ ስንዴና ገብስ ተከፋፈለ። የታሸው በፀረ ተባይ ሳይሆን ሜርኩሪ ባለበት የሻጋታ መከላከያ ነበር፤ ለማስጠንቀቂያም ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ነበር። የራበው ሰው ዘሩን አጠበው፤ ቀለሙ ለቀቀ፣ መርዙ ቀረ። ዳቦ ሆኖ ተበላ። 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፣ 459ኙ እዚያው ሞቱ።

ይህ ያለፈ ዘመን ጣጣ ነው የሚል ካለ በ2008 ጀርመን የሆነውን ይመልከት። የበቆሎ ሥር ከሚበላ ተባይ ለመከላከል ክሎቲያኒዲን በተባለ መድኃኒት የታሸ ዘር ሲዘራ፣ ከዘሩ የተነሣው ብናኝ ከ11,000 በላይ የንብ ቀፎዎችን ጎዳ። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 መድኃኒቱን ደጅ ላይ እንዳይውል ከለከለ። በማር ምርት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ለሆነች አገር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

እኛም ዘንድ ሕግ አለ። በ1990 የወጣው ልዩ ድንጋጌ፣ ኋላም አዋጅ ቁጥር 674/2010 ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ ሥራ ላይ እንዳይውል አዘዋል። ዕዳም ነበረብን፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጊዜ ያለፈበት ከ1,000 ቶን በላይ ፀረ ተባይ ወደ ፊንላንድ ተልኮ ተቃጥሏል።

ዘሩ አይታሽ አንልም፤ ማሳው የተበላበት ገበሬ ይታዘበናል። መጠኑን በትክክል ከለኩት ጥቂት መድኃኒት ዘር ላይ መቀባት ማሳውን ሁሉ ከመርጨት ይሻላል። የምንለው፣ ቡቃያውን የቆጠረ ሙከራ ንቡንም፣ አፈሩንም፣ በረሃብ ወር ከረጢቱን የሚከፍተውንም ቤተሰብ ይቁጠር ነው። ከረጢቱ ላይ የሚጻፈውም ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ ይሁን።