የወታደር ውለታ በመሬት ወይስ በትምህርት? ከአርጆ በኩል ሲታይ

አገር ለወታደሩ ያለባትን ውለታ በምን ትከፍለዋለች? በቀድሞው የአርጆ አውራጃ ይህን ጥያቄ ለሽማግሌዎች የሚያቀርብ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው መልስ «በመሬት» የሚል ነው። «በትምህርት» የሚለው መልስ ዘግይቶ የመጣ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነውም ይህ ሁለተኛው መልስ መቼ እንደመጣና ለማን እንደደረሰ ነው።

በጥንቱ ሥርዓት ወታደር ማደሪያ መሬት ይሰጠው ነበረ፤ ከመሬቱም ጋራ ገባር ይታዘዝለታል። እንግዲህ የወታደሩ ቀለብ የሚወጣው ከገበሬው ጎተራ ነበረ ማለት ነው። ኢጣልያ ተባርሮ ነፃነት ከተመለሰ በኋላም፣ በ1930ዎቹ ዓመታት በወጡት ትእዛዞች አርበኞች፣ ስደተኞችና በጦርነቱ የሞቱት ሰዎች ቤተ ሰቦች አንድ አንድ ጋሻ፣ ማለት 40 ሄክታር ያህል፣ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ነገር ግን የተፈቀደና የተሰጠ አንድ አይደለም። ጋሻውን በእጅ ለማስገባት ማመልከቻ ማስጻፍ፣ ደጅ መጥናት፣ መሬቱን ፈልጎ ማስለካት ያስፈልግ ነበረ፤ ፊደል ያልቆጠረው ወታደርም ብዙ ጊዜ በመንገድ ቀረ። እንደሚመስለን የትምህርት ነገር ከዚህ ይጀምራል፤ በመሬት የሚከፈለው ውለታ ራሱ ማንበብን ይጠይቅ ነበርና።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ የተከፈተው የመድኃኔ ዓለም ትምህርት ቤት በጦርነቱ አባቶቻቸውን ያጡ ልጆችን ተቀብሏል። በ1938 ዓ.ም. የተከፈተውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጄኔራል ዊንጌት ተብሎ በነፃነቱ ዘመቻ በተዋጋው እንግሊዛዊ መኮንን ስም ተሰየመ። (ለወታደር መታሰቢያ ከሐውልት ይልቅ ትምህርት ቤት መቆሙ ደስ ያሰኛል።) ሁለቱም ግን በዋናው ከተማ ነበሩ። አርጆ የተወለደው ኃይሌ ፊዳ ዊንጌት ገብቶ መማሩ ይታወቃል፤ ሆኖም አንድ ጎበዝ ተማሪ የሄደበት መንገድ ለዘማች ልጅ ሁሉ የተከፈተ ነበረ ማለት አይደለም።

በዚያን ጊዜ በሌላው ዓለም ምን ይደረግ ነበረ? የአሜሪካ ምክር ቤት በሰኔ 1936 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ከጦርነት የተመለሰ ወታደር የትምህርቱን ዋጋና መተዳደሪያውን ከመንግሥት እያገኘ እንዲማር ተደረገ። እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ ወደ 7.8 ሚሊዮን ሰዎች በዚህ ሕግ ትምህርት ወይም የሙያ ሥልጠና አገኙ፤ ከእነዚህም 2.2 ሚሊዮን ያህሉ ኮሌጅ ገቡ። በደቡቡ ክፍል የሚኖረው ጥቁር ወታደር ግን የብዙ ኮሌጆች በር ስለተዘጋበት ከዕድሉ እኩል አልተካፈለም። ያም ሆኖ ሕጉ የተሰጠው በሕይወት ላለው ወታደር፣ ለራሱ ነበረ። በእኛ አገር ትምህርቱ ይመጣ የነበረው በይበልጥ አባትየው ከሞተ በኋላ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ሲባል፣ መንግሥት ለወታደር የሚሸልመው ጋሻ አበቃ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሶማሊያ ጦር ወረረን፤ ከየክፍለ ሀገሩ የተውጣጣው ገበሬም በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ዘመተ። ያልተመለሱት ሰዎች ልጆች ምን ይሁኑ? መልሱ ያን ጊዜ ትምህርት ሆነ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከዝዋይ በስተ ደቡብ፣ አላጌ በተባለው ስፍራ፣ የሕፃናት አምባ ተቋቋመ። ከ2,000 የሚበልጡ ልጆችም ባሕር ተሻግረው በኩባ የወጣቶች ደሴት ተማሩ፤ ከትምህርት ቤቶቻቸው አንዱ ካራማራ ይባል ነበረ። አማርኛና የአገራቸውን ታሪክ የሚያስተምሯቸው ኢትዮጵያውያን መምህራን አብረዋቸው ሄደዋል። ስጦታው ታላቅ ነበረ፤ በዚያ መንገድ ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው የተመለሱ አሉ። ይሁን እንጂ የሞተ አባት ሳይበቃ፣ ልጁ ከእናቱና ከቀዬው መለየትም ነበረበት።

በሕይወት ያለው ወታደር ተራው የደረሰው በ1983 ዓ.ም. ነው። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋው የደርግ ሠራዊት ሲበተን፣ የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተመሠረተ። ለከተማው ተመላሽ የሙያ ሥልጠና ተዘጋጀ፤ ትምህርቱን አቋርጦ የዘመተውም ወደ ትምህርቱ የሚመለስበት መንገድ ተፈለገለት። ለገጠሩ ተመላሽ የታሰበለት ግን የእርሻ መሬት፣ ዘርና በሬ ነበረ። ስለዚህ በአንድ ምሽግ የተዋጉ ሁለት ወታደሮች አንዱ ነቀምቴ ከተማ፣ ሁለተኛው አርጆ ገጠር ቢመለሱ፣ ውለታቸው የተከፈለው በተለያየ መንገድ ነው። ገጠሬው ፊደል ሳይቆጥር የዘመተ ከሆነ ያቋረጠው ትምህርት የለውምና የሚመለስበትም የለውም። እርሱ የተቀበለው እንደ አያቱ ዘመን መሬት ነው። መሬቱንም የሚሰጠው የገበሬዎች ማኅበር ስለነበረ፣ ድርሻው የሚወጣው ከጎረቤቶቹ ማሳ ነበረ።