በመዝገብ ላይ ብቻ የኖረ ታይገር



ይህ ጽሑፍ በሬዲዮ የተነገረ ንግግር ነው። በጆሮ የሰማችሁትን አሁን በዓይናችሁ ብትመለከቱት ጉዳዩ ይበልጥ ይገለጽላችኋል ብዬ አምናለሁ፤ ነገሩ የቁጥር ነገር ነውና። ዘመናቱን ሁሉ የጻፍሁት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንስማማ። እኛ ነብር ብለን የምንጠራው አውሬ ቆዳው በነጠብጣብ ያሸበረቀ፥ ዛፍ ላይ የሚወጣ፥ በአገራችንም የሚገኝ ነው። ታይገር የሚባለው ግን ሌላ ነው። ግዝፈቱ ከአንበሳ የማያንስ፥ ቢጫ ቆዳው ከላይ ወደ ታች በጥቁር መስመር የተሰመረ ሲሆን፥ የዱር መኖሪያው እስያ ብቻ ናት። ሁለቱንም ነብር ብሎ መጥራት የተለመደ በመሆኑ ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል። እኔም በተማሪነቴ ጊዜ አንድ ይመስሉኝ ነበር።

ይህ አውሬ በቀድሞው ዘመን የነገሥታት መጫወቻ ነበር። በ1911 የእንግሊዙ ንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛ የሕንድ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሊከበሩ ወደዚያ በሄዱ ጊዜ፥ ጎረቤት አገር ኔፓል ድረስ ዘልቀው በዝሆን ተቀምጠው አደኑ። በ10 ቀን ውስጥ የእርሳቸውና የተከታዮቻቸው ጠመንጃ 39 ታይገር ገደለ። ማሐራጃ የሚባሉት የሕንድ መሳፍንትም በዚህ ነገር ከእንግሊዞቹ አላነሱም። የገደሉትን ብዛት እንደ ማዕረግ ይቆጥሩት ነበር።

ሕንድ በ1947 ነጻ ከወጣች በኋላ ደግሞ የባሰ እንጂ የተሻለ ነገር አልመጣም። የመሳፍንት ደን የነበረው ለማንም ክፍት ሆነ፤ በጂፕ መኪና መብራት እያበሩ በሌሊት የሚያድኑ በዙ፤ ከባሕር ማዶ ለሚመጡ አዳኞች አደንን የሚያሰናዱ ኩባንያዎች ተቋቋሙ፤ ደኑም ለእርሻና ለግድብ ተመነጠረ። በሌሎችም አገሮች ሁኔታው ይኸው ነበር። በባሊ ደሴት፥ በጃቫ ደሴትና በካስፒያን ባሕር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ሦስት የታይገር ወገኖች በ20ኛው ምዕት ዓመት ውስጥ አንድ በአንድ ጠፉ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ሌቭ ካፕላኖቭ የሚባል ወጣት ሊቅ በሩሲያ የሩቅ ምሥራቅ ዱር በበረዶ ላይ የታይገርን ዱካ እየተከተለ ሲቆጥር፥ የቀሩት ከ30 እንደማይበልጡ ገመተ። የደረሰበትንም ሳይሸፍን ጻፈ፤ አደኑ እንዲከለከልም አጥብቆ አሳሰበ። በ1943 ሕገ ወጥ አዳኞች ገደሉት። ክልከላው የወጣው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1947 ነው። ዛሬ በዚያ አገር በመቶ የሚቆጠር ታይገር አለ።

ወደ ሕንድ እንመለስ። በ1969 ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚመክር የዓለም ጉባኤ በኒው ዴልሂ ተሰበሰበ፤ የታይገርም ጉዳይ ከዋና ዋናዎቹ አንዱ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ታይገር ማደን ተከለከለ። በ1972 የዱር አራዊት ጥበቃ ሕግ ታወጀ፤ በዚያው ዓመት በተደረገው ቆጠራም በአገሩ ሁሉ የተገኘው 1,827 ብቻ ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንዲራ ጋንዲ ነገሩን በራሳቸው ሥልጣን ይዘው ስለ ገፉበት፥ ሚያዝያ 1 ቀን 1973 በኮርቤት ብሔራዊ ፓርክ የታይገር ጥበቃ ሥራ ተመረቀ። በመጀመሪያ 9 ቦታዎች ተከለሉ፤ የሥራው ዲሬክተር ሆነው የተሾሙትም ካይላሽ ሳንካላ የተባሉት የደን ሹም ነበሩ። የእርሳቸው አሳብ፥ ደኑን ሰው ካልነካው አውሬው ራሱን ያድናል የሚል ነበር። ስለዚህም በደኑ ውስጥ የነበሩ መንደሮች እየተነሡ ወደ ሌላ ሥፍራ ሄዱ። ይህ በጥበቃው ታሪክ ውስጥ ከባድ ዋጋ የተከፈለበት ነገር ነው፤ ዋጋውንም የከፈለው ጠመንጃ ያልተኮሰው ድኻ ገበሬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። ታይገር ብቻውን የሚሄድ፥ በሌሊት የሚወጣ፥ ሰውን የሚሸሽ አውሬ ነው። ታዲያ እንዴት ይቆጠራል? የሕንድ የደን ዘበኞች የሚሠሩበት ዘዴ እንዲህ ነበር። በአሸዋና በአፈር ላይ የታይገር ዱካ ሲያገኙ መስተዋት ከላይ ያደርጉበታል፤ በመስተዋቱ ላይ የእግሩን ቅርጽ ይሥላሉ፤ ከዚያም ወደ ወረቀት ይገለብጡታል። እያንዳንዱ ታይገር የራሱ ዱካ አለው፥ የለመደ ዓይንም አንዱን ከሌላው ይለየዋል በሚል እምነት፥ ወረቀቶቹ ወደ አለቃ ይላካሉ፤ አለቃውም ደምሮ ወደ በላይ ያስተላልፋል።

ዘዴው ርካሽ ነበር፤ ብዙ ትጉህ ሰዎችም በቅንነት ሠርተውበታል። ዳሩ ግን አንዱ ታይገር በደረቅ አሸዋ ላይና በጭቃ ላይ የሚተወው ዱካ አንድ ዓይነት አይመስልም፤ ስለዚህ አንዱ ሁለትና ሦስት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ከዚህም በላይ ቁጥሩ የጨመረለት ሹም ይመሰገናል፥ የቀነሰበት ግን ምክንያቱን ይጠየቃል። መሥሪያ ቤት ውሎ የሚያድር አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በ1989 ቆጠራው 4,334 ደረሰ። ሁሉም ደስ አለው።

በዚያው ዘመን ግን ሌላ ገበያ ተከፍቶ ነበር። የታይገር አጥንት በቻይና ባሕላዊ መድኃኒት ይፈለጋል፤ የቻይና መንግሥት ንግዱን በ1993 ቢከለክልም፥ የአጥንቱና የቆዳው ዝውውር በስውር ቀጠለ። ሕገ ወጥ አዳኞች ጠመንጃ ሳያሰሙ በብረት ወጥመድ ይይዙት ጀመር። በዴልሂና በጃይፑር መካከል፥ የአልዋር መሳፍንት ያድኑበት በነበረ ሥፍራ፥ ሳሪስካ የሚባል የተከለለ ደን አለ። በ2004 በመዝገቡ ላይ ከ10 የሚበልጥ ታይገር ሰፍሮ ነበር። በ2005 መጀመሪያ ግን ታይገር ጠፋ የሚል ወሬ ተሰማ፤ ባለሙያዎች ተልከው ደኑን አሰሱ። አንድም አልተገኘም።

እስቲ አስቡት። ዘበኛ አለ፥ ሹም አለ፥ በጀት አለ፥ ወረቀት አለ፤ ታይገር ግን የለም። አውሬው በደን ውስጥ ካለቀ በኋላ በመዝገብ ውስጥ ሲኖር ነበር።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማንሞሃን ሲንግ ሱኒታ ናራይን የተባሉ ሴት የሚመሩት መርማሪ ቡድን አቋቋሙ። ቡድኑም ስለ አዳኞቹ ብቻ ሳይሆን፥ ስለ ቆጠራው ዘዴና በደኑ ውስጥና ዙሪያ ስለሚኖረው ሕዝብም መረመረ፤ ከሕዝቡ ጋር ተጣልቶ ታይገርን ማዳን እንደማይቻል አስታወቀ። በ2006 ሕጉ ተሻሽሎ ብሔራዊ የታይገር ጥበቃ ባለሥልጣን ተመሠረተ። የዱካው ቆጠራም ተትቶ፥ በደን መንገድ ግራና ቀኝ ካሜራ መትከል ተጀመረ። የታይገር ጎን መስመር እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ አንዱ ስለሚለያይ፥ በፎቶግራፉ አንዱን ሁለት ጊዜ መቁጠር ይቀራል።

የአዲሱ ቆጠራ ውጤት 1,411 ሆነ። ቀደም ብሎ በ2002 የተነገረው 3,642 ነበር። ዘዴው ስለ ተለወጠ በሁለቱ መካከል ያለው ጉድለት ሁሉ ሞቶ ነው ማለት አይቻልም፤ ከፊሉ ከቶም ያልተወለደ ታይገር ሊሆን ይችላል። ቢሆንም መንግሥት ይህን ቁጥር አልደበቀም፥ ለዓለም አሳተመው። በእኔ አስተያየት ከ1973ቱ ምረቃ ይልቅ ይህ ቀን የሚበልጥ ነው። የተጠላውን ቁጥር ከተቀበሉት በኋላ ዘበኛ የሚያስፈልገው የት እንደ ሆነ ታወቀ፤ ከደን በፈቃዱ ለሚወጣ ቤተሰብም ከ2008 ጀምሮ 1 ሚሊዮን ሩፒ ተመደበለት። በ2010 ቁጥሩ 1,706፥ በ2014 2,226፥ በ2018 2,967 ሆነ፤ በ2022 ደግሞ 3,682 ተገመተ። በዚህ መካከል በ2010 ታይገር ያላቸው 13 አገሮች በሴንት ፒተርስበርግ ተሰብስበው በ12 ዓመት ቁጥሩን እጥፍ ለማድረግ ቃል ገቡ፤ ከሁሉ የተሳካላት ኔፓል ናት፤ በ2009 ከነበራት 121 በ2022 ወደ 355 ደርሳለች። ያ የ1911 አደን የተካሄደባት አገር መሆኗን ልብ ይሏል።

የታይገር መብዛት ከብት ለሚያረባው ጎረቤት የምሥራች ብቻ አይደለም። በሰንደርባንስ ረግረግ ማር የሚቆርጡና ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች እስከ ዛሬ በታይገር ይሞታሉ። በ1980ዎቹ ከኋላ እንዳያጠቃቸው ብለው የሰው ፊት የተሣለበት ጭንብል በማጅራታቸው ላይ ያስሩ ነበር፤ ለጊዜውም ጠቅሟቸዋል።

ለሳሪስካም በ2008 የአየር ኃይል ሄሊኮፕተር ከራንታምቦር ደን አንድ ወንድ ታይገር አመጣለት፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ሴት ተከተለችው። ወንዱ በ2010 በመርዝ ሞቶ ተገኘ። ሴቲቱ ግን ሰነበተች፤ በ2012 ግልገሎች ከኋላዋ ተከትለዋት ታዩ፤ እነርሱም በመዝገብ ተጻፉ።