ስለ ሰውነት ግትርነትና ስለ ማፍታታት የተደረገ ምርምር አጭር ታሪክ

በጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ስታዲየም የተሰበሰበው ሕዝብ ሁለት ነገር አይቶ ተደነቀ። አንደኛው፥ ሻምበል አበበ ቢቂላ የማራቶኑን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ጨርሰው፥ በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው መሆናቸው ነው። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሌሎቹ ሯጮች ገና በመንገድ ላይ ሳሉ፥ እርሳቸው ወደ ሣሩ ገብተው ጎንበስ ቀና ይሉ፥ በጀርባቸው ተጋድመውም እግራቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ያንቀሳቅሱ ጀመር። ሰውነታቸውን ያፍታቱ ነበር።

ስለ ድሉ ብዙ ስለ ተጻፈ እኛ አንደግመውም። እኛን የሚያሳስበን በሣሩ ላይ የተደረገው ነገር ነው። አንዱ ሰው ጎንበስ ሲል መዳፉ መሬት ይነካል፤ ሌላው ደግሞ፥ ዕድሜው እኩል፥ ጤናውም ደኅና ሆኖ ሳለ፥ ከጉልበቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ እንደ እንጨት ይደርቃል። ይህ ልዩነት ከምን መጣ? ሊሻሻልስ ይችላልን? በልጅነታችን በጅምናስቲክ ሰዓት የእግራቸውን ጣት መንካት ያቃታቸው ጓደኞች ነበሩን፤ መምህሩ «ሰነፍ» እያሉ ጀርባቸውን በእጃቸው ይጫኗቸው ነበር። እኛም እንስቅ ነበር። ነገሩን ካጠናን በኋላ ሳቃችን አሳፈረን፤ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣንም እርሱ ነው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት፥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሰው ሁሉ መጋጠሚያ እኩል አለመሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። በሂፖክራጥስ ስም በሚጠራው «ስለ አየር፥ ስለ ውሃና ስለ ስፍራዎች» በተባለው የግሪክ መጽሐፍ ውስጥ፥ እስኩቴሶች የተባሉት ሕዝቦች መጋጠሚያቸው እጅግ የላላ ስለ ሆነ ቀስት መሳብና ጦር መወርወር እንዳይሳናቸው ትከሻቸውንና የእጃቸውን አንጓ በጋለ ብረት ይተኰሱ እንደ ነበር ተጽፏል። ለዚያ ጸሐፊ ጉድለቱ ልልነት እንጂ ግትርነት አልነበረም፤ ቀስተኛ የሚፈልገው ጠንካራ ትከሻ ነውና። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሰውነትን በሥርዓት ማፍታታትን የትምህርት ቤት ትምህርት ካደረጉት ሰዎች ዋነኛው ስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ ነው። ሊንግ በሉንድ ከተማ የሻሞላ ጨዋታ አስተማሪ የነበረ ሲሆን፥ በ1813 በስቶክሆልም የጅምናስቲክ ማዕከላዊ ተቋም አቋቋመ። ጅምናስቲክን ለትምህርት፥ ለሕክምና፥ ለጦር ሠራዊትና ለውበት ብሎ በአራት ከፈለው። ከዚያ የወጡ መምህራንም ትምህርቱን ወደ ብዙ አገሮች አደረሱት። አበበ ቢቂላን ያሠለጠኑት ሜጀር ኦኒ ኒስካነን በ1946 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ከዚህችው አገር ከስዊድን ነው። በቶኪዮ የታየው እንቅስቃሴ በቀጥታ ከሊንግ የተወረሰ ነው አንልም፤ ነገር ግን ሰውነትን ማፍታታት ቁም ነገር ሆኖ ከተቈጠረበት አገር የመጣ አሠልጣኝ ማግኘታቸው ያለ ፍሬ የቀረ አይመስለንም።

የሊንግ ትምህርት ግን አንድ ጉድለት ነበረው። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ይጎነበሳል፥ በአንድ ትእዛዝ ይቃናል፤ መለኪያው ለሁሉ አንድ ነው። ከትእዛዙ የቀረ ሰው እንዳልታዘዘ ይቈጠራል።

ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል ርቆ እንደ ሄደ ለማየት ወደ አሜሪካ እንሻገር። በኒው ዮርክ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ሃንስ ክራውስ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ስድስት አጫጭር ፈተናዎችን ለሕፃናት ሰጡ፤ በ1954 ባወጡትም ጽሑፍ ከአሜሪካ ልጆች 57.9 በመቶው ቢያንስ በአንዱ ፈተና ሲወድቁ፥ ከኦስትሪያ፥ ከኢጣሊያና ከስዊስ ልጆች የወደቁት 8.7 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ገለጡ። ነገሩ እስከ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ደረሰ፤ በ1956ም ለወጣቶች የሰውነት ጥንካሬ የሚያስብ ምክር ቤት ተቋቋመ። ነገር ግን የአሜሪካ ልጆች በብዛት የወደቁበት ፈተና ጉልበትን ሳያጥፉ ጎንበስ ብሎ መሬት መንካት ነበር። እግሩ ረጅም፥ ክንዱ አጭር የሆነ ልጅ በዚህ ፈተና ከመጀመሪያውም ተጎጂ ነው። ሐኪሞቹ የተጨነቁት በቅን ልቦና እንደ ነበረ አንጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ አንድ አገር ጣትን ከመሬት በማድረስ ስለ ልጆቹ ጥንካሬ መፍረዱ ችኰላ ነበረ እንላለን።

ግትርነት በእርግጥ ከየት እንደሚመጣ መለካት የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ጆንስና ራይት የተባሉ ሐኪሞች የድመትን የፊት እግር አንጓ በመሣሪያ እያንቀሳቀሱ፥ ቆዳውን፥ ጡንቻውን፥ ጅማቱን በየተራ እያነሡ መረመሩ። በ1962 እንዳወጡት፥ አንጓው እንዳይንቀሳቀስ ከሚይዘው ኃይል 47 በመቶው መጋጠሚያውን ከሸፈነው ከረጢት፥ 41 በመቶው ከጡንቻና ከጡንቻው ሽፋን፥ 10 በመቶው ከጅማት፥ 2 በመቶው ብቻ ከቆዳ ይመጣል። ከረጢቱም ጅማቱም በብዛት የተሠሩት ኮላጅን ከሚባለው ጠንካራ ክር ነው። የዚህ ክር አሠራር ከወላጅ ይወረሳል፤ ስለዚህም በአንድ ቤት ውስጥ ልሎች፥ በሌላው ቤት ግትሮች ሲበዙ እናያለን። የአጥንትም ነገር አለ። የዳሌው ጕድጓድ ጠለቅ ያለበት ሰው እግሩን ከተወሰነ ስፍራ በላይ ሲከፍት አጥንት ከአጥንት ጋር ይገናኛል፤ ይህን ምንም ዓይነት ልምምድ አይለውጠውም።

በ1973 ደግሞ ፒተር ቤይተንና ባልደረቦቻቸው በደቡብ አፍሪካ በገጠር የሚኖሩ 1,081 የጽዋና ተወላጆችን መርምረው፥ ልልነት ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ እንደሚሄድ፥ በየትኛውም ዕድሜ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ልል እንደ ሆኑ አሳዩ። በዚህ ጥናት የተሠራበት ባለ 9 ነጥብ መለኪያ ዛሬም በዓለም ሐኪሞች እጅ ይገኛል። መለኪያው ከአፍሪካ ገጠር መውጣቱን ብዙዎች አያውቁም።

እንግዲህ ግትር ሆኖ የተፈጠረ ሰው ተስፋ የለውምን? አለው። በ1972 ታባሪና ሌሎች የፈረንሳይና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የድመቶችን የኋላ እግር በጄሶ አሰሩ። ጡንቻው አጥሮ የታሰረበት እግር በጡንቻው ክር ላይ በተርታ ከሚገኙት ጥቃቅን ክፍሎች 40 በመቶውን ሲያጣ፥ ተዘርግቶ የታሰረው 19 በመቶ ጨመረ። ጄሶው ሲፈታም ሁሉም ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ጡንቻ እንደ ልምዱ ራሱን ይለካል ማለት ነው። ከጧት እስከ ማታ በወንበር ላይ ጉልበታችንን አጥፈን የምንውል ተማሪዎች ይህን ብናስብ ይበጀናል።

ከሁሉ ያስገረመን ግን በ1996 ማግኑሰንና ባልደረቦቹ በዴንማርክ ያደረጉት ሙከራ ነው። ሰዎቹ ለሦስት ሳምንት አንዱን እግራቸውን ብቻ ያፍታቱ ነበር። የተፍታታው እግር ከሌላው ይልቅ መዘርጋት ቻለ፤ የጡንቻው ግትርነት ሲለካ ግን አልተለወጠም። የተለወጠው ሰውዬው የመሳሳቡን ሕመም የመቻል ኃይሉ ነበረ። ስለዚህ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሠለጥነው ከጡንቻ ይልቅ ነርቭ ነው። ነርቭ ደግሞ ሲያስፈራሩት ይብስ ይጨብጣል፤ ያ መምህር ጀርባ ሲጫኑ ያደርጉት የነበረው የፈለጉትን ተቃራኒ ነው ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ለኑሮ የሚሆን ምክር ይገኛል። ዱላ የሚያርቅ ሰው እንጨቱን አስቀድሞ በእሳት እንደሚያሞቀው፥ እኛም በእርምጃ ወይም በቀላል ሩጫ ሰውነታችንን እናሙቅ። ከዚያ መሳሳቡ እስኪሰማን ድረስ ብቻ ሄደን፥ ሳንወዛወዝ፥ እየተነፈስን እንቆይ። በ1994 የወጣ ጥናት ለጭን የኋላ ጡንቻ 30 ሰኮንድ መቆየት 60 ሰኮንድ ከመቆየት ያላነሰ ፍሬ እንደ ሰጠ አሳይቷል፤ ስለዚህ ሥቃዩን ማርዘም ትርፍ የለውም፥ በየቀኑ መደጋገም እንጂ። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ኸርማን ካባትና ማርጋሬት ኖት ለሽባዎች ያበጁት ዘዴም አለ፤ ይኸውም ጡንቻውን ለጥቂት ሰኮንድ አጥብቆ አስገፍቶ፥ ለቀቅ ሲል መዘርጋት ነው። ቁጢጥ ብሎ መነሣትን የመሰለ፥ መጋጠሚያን እስከ መጨረሻው እያንቀሳቀሰ የሚያበረታ ሥራም ያፍታታል። የሚወጋ ሕመም፥ እብጠት፥ ወይም ጧት ጧት ቶሎ የማይለቅ ግትርነት ያለበት ሰው ግን ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ልምምድ አይቸኩል።

ከላይ ወደ ጠቀስነው ቀስተኛ እንመለስ። በ1996 በወጣ ሌላ ጥናት 19 ወንድ የረጅም ርቀት ሯጮች ተመርምረው፥ ዳሌያቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ጠበቅ ያለባቸው በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሮጡ የሚያጠፉት ኦክሲጅን ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጠበቅ ያለ ጅማት እንደ ላስቲክ ኃይል አጠራቅሞ ይመልሳል። እንግዲህ በትምህርት ቤት ከሳቅንባቸው ጓደኞቻችን መካከል መልካም ሯጭ ሊወጣ ይችል እንደ ነበረ ማን ያውቃል?

ሻምበል አበበ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ፤ ለሕክምናም በእንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተወሰዱ። በእንዲህ ያለ የሕክምና ስፍራ በሽተኛው ራሱ ሊያንቀሳቅሰው ያልቻለውን መጋጠሚያ፥ እንዳይደርቅ፥ ሌሎች በእጃቸው በየቀኑ ያጥፉታል፥ ይዘረጉታል። በ1970 እርሳቸው በዚያው በስቶክ ማንድቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ቀረቡ፤ የተወዳደሩትም በቀስት ነበረ።