የኢሜይል አቃፊ

የኢሜይል አቃፊ ወይም ፎልደር የኢሜይል መልእክቶች በየጉዳያቸው ተለይተው የሚቀመጡበት ክፍል ነው። ጥቅሙ አንድ መልእክት ሲፈለግ ቶሎ እንዲገኝ ማድረግ ነው።

አሠራር

ማርክ ክሪስፒን እ.ኤ.አ. በ1986 የነደፈው አይማፕ የተባለው ፕሮቶኮል አቃፊዎችን በሰርቨር ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ በኮምፒውተር የተፈጠረ አቃፊ በስልክም ይታያል። በፖፕ 3 ግን አቃፊዎቹ በተፈጠሩበት መሣሪያ ላይ ብቻ ስለሚቀሩ፣ መሣሪያው ቢጠፋ ምድባቸውም አብሮ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ጂሜይል በአቃፊ ፈንታ መሰየሚያ ይጠቀማል፤ አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ «ትምህርት» እና «ክፍያ» የሚሉ ሁለት መሰየሚያዎች ሊኖሩት ይችላል።

አደረጃጀት

አቃፊዎች ጥቂትና ስማቸው በግልጽ የሚለያይ ሲሆን መልእክቱ የት እንዳለ ለማስታወስ ይቀላል። ብዙ ፕሮግራሞች አቃፊዎችን በስም ቅደም ተከተል ስለሚደረድሩ፣ «01 ትምህርት» እንደሚለው ቁጥር ማስቀደም ተፈላጊውን አቃፊ ከላይ ያመጣዋል። ማጣሪያ መልእክቶችን በላኪያቸው ወይም በርዕሳቸው ለይቶ በራሱ ወደ አቃፊ ይልካል፤ ነገር ግን አቃፊው ካልተከፈተ አስቸኳይ መልእክት ሳይነበብ ሊቀር ይችላል።

አቃፊና ፍለጋ

ስቲቭ ዊታከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት የ345 ተጠቃሚዎች ጥናት፣ በቃል መፈለግ በአቃፊ ከመፈለግ ይልቅ ፈጣን ሆኖ ተገኝቷል። ሆኖም ፍለጋ በፊደል አጻጻፍ ላይ ይመሠረታል። በዩኒኮድ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ «ሐምሌ» ብሎ የፈለገ ሰው «ሀምሌ» ተብሎ የተጻፈውን ላያገኘው ይችላል። በዚህ ምክንያት አቃፊ ለአማርኛ መልእክቶች አሁንም ይጠቅማል።