ከተማዋ ወደ ጫኖ ስትመጣ

እንግዲህ ስሙኝማ! አርባ ምንጭ የቅርብ ጊዜ ከተማ ናት። የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ብርዳማዋ ጨንቻ ነበረች፤ በ1950ዎቹ ነው መንበሩ ወደ ቆላው የወረደው። ሼቻ ከላይ፣ ሲቀላ ከታች ሆነው ሁለት ሰፈር ተቆረቆሩ። በ1979 የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተ፤ በ1996 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ2011 የጋሞ ዞን ራሱን ሲችል መቀመጫው እዚያው ሆነ። ተማሪው መጣ፣ ሠራተኛው መጣ፣ ቤት ፈላጊው በዛ።

ታዲያ ከተማዋ ወዴት ትስፋ? በምሥራቅ ነጭ ሳር ፓርክና ሐይቆቹ፣ በምዕራብ ተራራው። የቀራት በሰሜንና በደቡብ ያለው ሜዳ ነው። የእኔ ወግ የሰሜኑ ነው፤ የቆላ ሻራና የነጫኖ ሚሌ።

ያ ሜዳ ባዶ እንዳይመስላችሁ! ሐሬ ወንዝ ከጨንቻ ደጋ ወርዶ ያጠጣዋል። ገበሬው የውሃ ተራው በሌሊት ከደረሰ በሌሊት ይነሣል። ባትሪውን አብርቶ፣ አካፋውን ተሸክሞ ቦዩ ዳር ይደርሳል፤ የጎረቤቱን መግቢያ በጭቃ ይደፍናል፣ የራሱን ይከፍታል፣ ውሃው ሙዙ ሥር እስኪተኛ ቆሞ ይጠብቃል። የሙዝ እናት አንዴ አፍርታ ትቆረጣለች፤ ልጇ ግን አጠገቧ ቆማለች፣ የልጅ ልጇም ብቅ ብላለች። አዲስ አበቤዎች፣ ከጉልት የምትገዙት ሙዝ ብዙው በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣላችሁ ከዚህ አገር ነው።

ከተማዋ ይህን መሬት ስትወስድ ካሳ አለ ትሉኛላችሁ። አዎ፣ በ2011 የወጣው አዋጅ መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ ምትክ መሬት ካላገኘ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የአንድ ዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲሰጠው ደንግጓል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላው ነው። ከላይ ያለው ማሳ ቤት ሲሠራበት ቦዩ ይደፈናል። ከታች ያለው ገበሬ ማንም «ተነሺ ነህ» ብሎ ካሳ ሳይሰጠው፣ የመሬት ደብተሩ በእጁ እያለ፣ ሙዙ ይደርቅበታል። ያኔ ደላላ ሲመጣበት በምን አቅሙ እምቢ ይበል?

ከተማ አይስፋ አልልም፤ ልጆቻችንም ቤት ይሻሉ። ውሃ የማይደርሰው ድንጋያማ መሬት ይቅደም ነው የምለው። ፕላን የሚነድፈው መሐንዲስም ከመንገዱ በፊት ቦዩን ይሳል። ጉዳዩ ዱቡሻ ላይ፣ የጋሞ አባቶች በሚመክሩበት አደባባይ ይውጣ። በመስከረም 2011 እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው ወጣቱን ከበቀል የመለሱ አባቶች ያሉበት አገር አይደለም እንዴ? ችካል ከመተከሉ በፊት የሐሬን ውሃ በተራ የሚካፈሉት ሰዎች ይጠየቁ፤ የላዩም፣ የታቹም።